«ነገ ይመለሱ»

አንባቢ ሆይ! በመሥሪያ ቤት ከሚነገሩት ቃላት ሁሉ እንደ «ነገ» ያለ ርካሽ ቃል አይገኝም። ወረቀት ይገዛል፤ ቀለም ይገዛል፤ ማኅተም በገንዘብ ይቀረጻል። «ነገ» ግን ያለ በጀት፣ ያለ ፊርማና ያለ ግልባጭ የሚሰጥ ስለ ሆነ ማንም አይሰስትበትም።

ስለዚሁ ቃል ልናጫውትህ ወደ መቀሌ ከተማ፣ ወደ ዓዲ ሓቂ እንውሰድህ። ዓዲ ሓቂ ከመቀሌ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። በትግርኛ «ዓዲ» መንደር ወይም አገር ማለት ሲሆን «ሓቂ» ደግሞ እውነት ማለት ነው። ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አንዱ በዚሁ ስም ይጠራል፤ የቢዝነስና የኤኮኖሚክስ ትምህርት የሚሰጠውም በዚያ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ሁለት ኮሌጆች ተዋሕደው ሲቋቋም አንደኛው የመቀሌ ቢዝነስ ኮሌጅ ነበር። እንግዲህ በዚህ ሰፈር አንዱ ወጣት ስለ አስተዳደር ይማራል፤ ቀድሞት የተመረቀው ደግሞ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ባለጉዳይ ያስተናግዳል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በእግር አጭር ነው፤ በኑሮ ግን ረጅም ነው።

ተማሪው በደብተሩ ያልጻፈውን እንንገረው። ደብዳቤ ሲገባ በመጀመሪያ መዝገብ ቤት ይደርሳል፤ የገቢ ቁጥርና ቀን ይጻፍበታል፤ ከማኅደሩ ጋር ተያይዞ ለኃላፊው ይቀርባል። ኃላፊው በኅዳጉ ላይ «ለአቶ እገሌ፤ ተመልክተው ያቅርቡ» ብለው ይመሩታል። አቶ እገሌ መልሱን ያረቅቃል፤ ረቂቁ ይታረማል፤ ይፈረማል፤ ቲተርና ማኅተም ይመታበታል፤ የወጪ ቁጥር ተሰጥቶት ይወጣል፤ ግልባጩም ከማኅደሩ ይቀራል። ይህ ሥርዓት በክፋት የተሠራ አይደለም። እያንዳንዱ ፊርማ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይሳሳት ወይም እንዳያጭበረብር የታጠረ አጥር ነው። ይሁን እንጂ አጥሩ ብዙ በር ሲኖረውና ከበረኞቹ አንዱ ስብሰባ ሲገባ፣ ሌላው ለቅሶ ሲደርስ፣ ማኅተም ያዥዋ ቁልፉን ይዛ ሕክምና ስትሄድ፣ ኮምፒዩተሩም «ሲስተም የለም» ሲል ባለጉዳዩ ውጭ ይቀራል። ያን ጊዜ ያቺ ርካሽ ቃል ከአፍ ትወጣለች።

ሠራተኛውም ቢሆን ኑሮው ቀላል አይደለም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ፣ ዓመቱን ሙሉ የተኛው ሥራ ሁሉ በሰኔ ይነቃል። ትናንት የላከውን ሪፖርት ዛሬ «በአዲሱ ቅጽ ሞልተህ አምጣ» ይባላል። ነገር ግን ትንንሽ ደስታዎችም አሉት። ጠፍቷል የተባለ ማኅደር ከቁም ሣጥን በስተኋላ አቧራ ለብሶ ሲገኝ፣ የባልደረቦች ዕቁብ ልክ በችግር ቀን ሲደርስ፣ የጻፈውም ደብዳቤ ያለ አንድ እርማት ተፈርሞ ሲመለስ ደስ ይለዋል።

ሩሲያዊው ደራሲ ጎጎል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1842 ባሳተመው «ካፖርት» በተባለው ታሪኩ እንዲህ ያለ አንድ ጸሐፊ አለ። ደስታው ፊደል አሳምሮ መገልበጥ ብቻ ነበር። በብዙ ቁጠባ ያሠራውን አዲስ ካፖርት ሌቦች ሲገፉት ግን ጸሐፊው ባለጉዳይ ይሆናል። ወደ አንድ ትልቅ ሹም ሄዶ አቤት ቢል ሹሙ ይጮኽበታል፤ እርሱም ታሞ ይሞታል።

በጎጎል ታሪክ ባለጉዳይ የሆነው አንድ ጸሐፊ ነው። በመቀሌና በመላው ትግራይ ግን ይህ ዕጣ በሺህ በሚቆጠሩ ሠራተኞች ላይ በእውን ደርሷል። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። በዚያው ዓመት ከሰኔ ወር መጨረሻ ጀምሮ ባንክ ተዘጋ፤ ስልክና መብራት ተቋረጠ፤ የመንግሥት ሠራተኛውም ደመወዝ ቆመ። በባንክ ገንዘብ የነበረውም ሰው የራሱን ገንዘብ ማውጣት አልቻለም። የሰላም ስምምነቱ በፕሪቶሪያ የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ ደመወዝ እንደገና መከፈል ቢጀምርም ያልተከፈለው የ17 ወር ደመወዝ የሠራተኛው አቤቱታ ሆኖ ቀጠለ።

እስቲ ልብ በል። የሌላውን ማመልከቻ ሲመራ የኖረው ሰው በእነዚያ ወራት ራሱ ከመስኮቱ ውጭ ቆመ። «መቼ?» ብሎ ሲጠይቅ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጠው አጣ። ማጣቱ አንድ መከራ ነው፤ ቀኑን አለማወቁ ደግሞ ሌላ መከራ ነው። ቀኑን ቢያውቅ ኖሮ ባለሱቁን «እስከዚያ ዱቤ ስጠኝ»፣ አከራዩን «እስከዚያ ታገሠኝ» ይል ነበር። ቀን የሌለው ተስፋ ግን ዱቄት አይገዛም።

አንተም ነገ ተመርቀህ፣ ወይም ዛሬ ተቀጥረህ ከጠረጴዛ ኋላ ስትቀመጥ ይህን አትርሳ። ማኅተሙ በእጅህ ላይኖር ይችላል፤ ኃላፊው ባይገቡ፣ መብራቱም ቢጠፋ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። እውነቱን መናገር ግን የማንንም ፊርማ አይጠይቅም። ሦስት ነገር ብቻ ለባለጉዳዩ ንገረው፦ የጎደለው ወረቀት ምን እንደ ሆነ፣ ማኅደሩ በማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ፣ በየትኛው ቀን ቢመጣ እንደሚጠቅመው። ቀኑን የማታውቀው ከሆነም «አላውቀውም፤ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» በለው፤ ከዚያም አጣራ።

ለምሳሌ አንዲት አሮጊት የሟች ባላቸውን የጡረታ ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ እንበል። «አደይ፣ ማኅደርዎ ሒሳብ ክፍል ነው፤ የጎደለው አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ነው፤ የሚፈርሙት ኃላፊ ሐሙስ ጧት ይገባሉ። እስከ ሐሙስ አይድከሙ» ብትላቸው ጉዳያቸው በዚያች ሰዓት አላለቀም። ነገር ግን የሁለት ቀን የመንገድ ድካምና የትራንስፖርት ገንዘብ አትርፈህላቸዋል። «ወደይ፣ ተባረክ» ብለው መርቀውህ ይሄዳሉ። ሐሙስም ሲመጡ ኃላፊው መግባታቸውን አስቀድመህ አይተህ ጠብቃቸው።