ባለ ሽቦ ወይስ ወጥ ቸርኬ? ለፀዳ መንገድ የሚሻለው የሞተር ሳይክል ቸርኬ የትኛው ነው?

ከአዘዞ ወደ ማክሰኝት በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኘው ፀዳ ሁለት ዓይነት መንገድ ይገናኝባታል። ዋናው ጎንደርን ከባሕር ዳር የሚያገናኘው አስፋልት ነው። ከእሱ ተገንጥሎ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገባው ግን በበጋ ጠጠርና አቧራ፣ በክረምት የሚያጣብቅ ዋልካ ነው። ስለዚህ ሞተር ሳይክል የሚገዛ ሰው ከዋጋው ባሻገር ቸርኬውንም ማየት ይኖርበታል። እንደ ቦክሰር ያሉ ሞተሮች በሁለቱም ዓይነት ቸርኬ ስለሚመረቱ ምርጫው የገዢው ነው።

ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በባለ ሽቦው፣ ቸርኬውን ከመሃሉ እምብርት ጋር የሚያያይዙት ተወጥረው የሚሠሩ ቀጫጭን ሽቦዎች (ራጂ) ናቸው። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ሽቦዎቹ ጭነቱን ይካፈሉታል። አንዱ ቢበጠስ እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ለእርሻና ለገጠር ሥራ የተሠራው ያማሃ ኤጂ 100 ባለ ሽቦ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጉድለቱ ከመነዳሪ የሚፈልግ መሆኑ ነው፤ ምስማር ከወጋው አየሩ በፍጥነት ሊወጣ ይችላል።

ወጥ ቸርኬ ደግሞ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ቀልጦ እንዳለ በአንድነት የሚወጣ ነው። የሚላላ ሽቦ የለውም፤ አስፋልት ላይም ቅርጹን ጠብቆ ይቆያል። ቸርኬውም ጎማውም ለዚያ የተሠሩ ከሆኑ ያለ ከመነዳሪ ይሠራል፤ ሲወጋም አየሩ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ አሽከርካሪው ለመቆም ጊዜ ያገኛል። ከባድ ድንጋይ ሲመታ ግን ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል።

እንዴት ይያዛሉ?

ሽቦዎቹን በትንሽ ቁልፍ አንድ በአንድ መታ መታ ያድርጉ። የተወጠረው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው ድምፁ የታፈነ ነው። አንዱ ሲላላ ጭነቱ ወደ ጎረቤቶቹ ስለሚያልፍ እነሱም ተከትለው ይበጠሳሉ። ጎማውን ከመሬት አንስተው ሲያሽከረክሩት የሚወላገድ ከሆነ ለባለሙያ ያሳዩ። ከልክ በላይ ማጥበቅም ጉዳት አለው፤ የሽቦው ጫፍ ወደ ውስጥ ወጥቶ ከመነዳሪውን ሊበሳ ይችላል። አዲስ ሞተር ላይ ሽቦዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊላሉ ስለሚችሉ ቶሎ ያስፈትሹ። ጭቃው ላይ ከዋሉ ዝገት እንዳይጀምር ይጠቡት።

ወጥ ቸርኬን ከጠንካራ ምት በኋላ አጥበው ክንዶቹ ሥርና ጠርዙ ላይ ስንጥቅ እንደሌለ ይመልከቱ። የተሰነጠቀን ቸርኬ በብየዳ አስጠግኖ መንዳት ለሕይወት አስጊ ነው፤ መቀየር አለበት።

ለሁለቱም የጎማ አየር፣ ጎማው ሳይግል፣ በየሳምንቱ ይለካ። አየሩ ያነሰ ጎማ ድንጋዩን በቀጥታ ለቸርኬው ያቀብለዋል።

የቱ ይመረጥ?

ውሎው ገጠር ለሆነና ጭነት ለሚያመላልስ ባለ ሽቦው ይሻላል። ከአስፋልት ለማይወጣ ወጥ ቸርኬው ድካም ይቀንሳል። ሽቦ ሲላላ በድምፁ ያስጠነቅቃል፤ ስንጥቅ ግን ካልፈለጉት አይታይም። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው አማና ነውና፣ ከመነሳት በፊት ጎንበስ ብሎ ጎማን ማየት ልማድ ይሁን።