የግዕዝ ትምህርት በጉባኤ ቤትና በዩኒቨርሲቲ

ከአባቶች የሚወረስ ሀብት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በእጅ የሚዳሰስ፣ በሣጥን የሚቈለፍ ነው፤ ሁለተኛው በሰው ልብ ብቻ የሚቀመጥ ነው። የሚዳሰሰው ሀብት ባለቤቱ ቢያንቀላፋ እንኳ ጥቂት ዘመን ይቈያል፤ በልብ የተቀመጠው ግን ተቀባይ ካላገኘ ከያዘው ሰው ጋር አብሮ ይቀበራል። የግዕዝ ሀብታችን ሁለቱንም ያጣመረ ነው። መጻሕፍቱ በብራና ላይ ናቸው፤ መጻሕፍቱን የሚፈታው፣ ስሕተታቸውን የሚያርመውና አዲስ ድርሰት የሚያወጣው ዕውቀት ግን በመምህራን ልብ ነው። ዛሬ ልንናገርለት የወደድነው ይህ ሁለተኛው ሀብት ነው።

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ ደምበጫን ካለፈ በኋላ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል፤ ከዚያም በማንኩሳ በኩል አድርጎ ቡሬ ይገባል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው አገር የጤፍና የበቆሎ፣ የዳጉሳና የበርበሬ አገር ነው፤ ይልቁንም የቅኔ አገር ነው። በምዕራብ ጎጃም የሚገኙት ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የቅኔ ቤት መለያ እስኪሆን ድረስ የታወቁ ናቸው። በጎረቤት በምሥራቅ ጎጃም ያለውም ደብረ ኤልያስ እንዲሁ የሊቃውንት መፍለቂያ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው በፍቅር እስከ መቃብር የማንኩሳን ስም ለአንባቢ ሁሉ ያሳወቁት ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ ተምረዋል።

መንገደኛው «ፍኖተ ሰላም» ብሎ የሚሄድበትን ሲናገር አንድ ሙሉ የግዕዝ ሕግ በአፉ ያልፋል። ፍኖት ማለት መንገድ ነው፤ ሰላም የሚለው ዘርፍ በተከተለው ጊዜ የመጨረሻው ፊደል ከሳድስ ወደ ግዕዝ ተለውጦ «ፍኖተ» ይሆናል፤ ትርጉሙም የሰላም መንገድ ነው። ቤተ መንግሥት፣ ሕገ መንግሥት፣ ርእሰ መምህር የምንለው ሁሉ በዚሁ ሕግ የቆመ ነው። እንግዲህ ግዕዝ ከቅዳሴ ውጭ ምን ይሠራል የሚል ሹም ቢኖር፣ ዕለት ዕለት በሚፈርምበት ወረቀት ላይ ይህ ቋንቋ እንደሚያገለግለው ልብ ያድርግ።

በጉባኤ ቤት ያለውን ሥርዓት ካህናት አንባቢዎቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ ነገር ግን ያላዩት እንዲረዱት በአጭሩ እንገልጸዋለን። ተማሪው አስቀድሞ ቀተለ፣ ቀደሰ እያለ የግሱን አርእስትና ሠራዊቱን በቃሉ ይይዛል፤ እርባ ቅምሩንና አገባቡንም ያጠናል። ቀን ከዐፀዱ ጥላ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል፤ የቈጠረውን ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። መምህሩም ያጐደለውን ይሞሉለታል፤ ያጣመመውን ያቀኑለታል። ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ ወደ አምስት ቤቱ ዋዜማ፣ ወደ ስድስት ቤቱ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። ይህን ሁሉ ጊዜ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ ከየደጁ በሚለምነው ቍራሽ ይኖራል።

የዚህ ትምህርት ፍሬ ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ግዕዝ የእናትና የልጅ መነጋገሪያ መሆኑ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል፤ ከጉባኤ ቤት የወጣ ባለ ቅኔ ግን በዚህ ቋንቋ ያስባል፤ ትናንት ያልነበረ ቃልና ምሥጢር ዛሬ ያወጣል። ጥንታዊውን ቋንቋ ማንበብ የሚችል ሊቅ በየአገሩ አለ፤ በጥንታዊው ቋንቋ በየዕለቱ አዲስ ድርሰት የሚያፈልቅ ጉባኤ ያለው ሕዝብ ግን ጥቂት ነው።

ከዚሁ ጋር ዩኒቨርሲቲ አለን። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጥንት ጽሑፎች ምርመራ፣ ማለት ፊሎሎጂ፣ እስከ ዶክትሬት ማዕረግ ይሰጣል፤ በአንዳንድ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ግዕዝ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል። በምንናገርለትም አገር ቢሆን ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በቡሬ ካምፓስ አቁሟል፤ በፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ። የዩኒቨርሲቲው ደጅና የቅኔ መምህሩ ጎጆ እንዲህ ሲቀራረቡ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን አልተጠረገም። ቅኔ አስመስክሮ መምህር ለመባል የበቃ ሰው በዩኒቨርሲቲ ግዕዝ ላስተምር ቢል አስቀድሞ የሚጠየቀው ዲግሪ ነው። ባለ ዲግሪውም ቢሆን አንድ ጉባኤ ቃና ሳይቈጥር የግዕዝ ዐዋቂ ሊባል ይችላል። አንዱ ዕውቀት ይዞ ማዕረግ አጥቷል፤ ሌላው ማዕረግ ይዞ ከዕውቀቱ ግማሹ ጐድሎበታል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ ስላልሆነ ሌሎች ያደረጉትን መመልከት ይጠቅማል። ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር ነገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

የሕንድ ሰዎች ሳንስክሪት የሚባል ጥንታዊ ቋንቋ አላቸው። እንደ ግዕዝ ሁሉ የጸሎትና የሊቃውንት ቋንቋ ነው፤ እንደ ግዕዝ ሁሉ ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ በቃል ይጠናል። ፓኒኒ የተባለው ሊቅ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያደራጀው ሰዋስው 4,000 የሚያህሉ አጫጭር ሕጎች አሉት፤ የጥንቱን ሥርዓት የሚከተል ተማሪም እንደ እኛ የግስ ተማሪ በቃሉ ይይዛቸዋል። በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ሳንስክሪትን የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ነው ብለው ያስመዘገቡት 24,821 ሰዎች ነበሩ። ይህም ከ1,200 ሚሊዮን ከሚበልጥ ሕዝብ ውስጥ ከባሕር እንደ ተቀዳ አንድ ጽዋ ነው።

በ1786 ዊልያም ጆንስ የተባለው እንግሊዛዊ ዳኛ ሳንስክሪት፣ ግሪክና ላቲን ከአንድ ምንጭ የወጡ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ በካልካታ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ፓሪስ በ1814፣ ቦን በ1818፣ ኦክስፎርድ በ1832 ለሳንስክሪት የመምህርነት ወንበር ዘረጉለት፤ የቋንቋዎችን ዝምድና የሚመረምረውም ጥበብ በዚህ ትምህርት በረታ። ነገር ግን ጆንስ ራሱ ቋንቋውን የተማረው ከሕንድ መምህራን ነበር።

ሕንዶችም ትምህርቱን ለአውሮፓ ሊቃውንት ብቻ አልተዉትም። በ1791 በቤናሬስ ከተማ ለሳንስክሪት የተቋቋመው ኮሌጅ በ1958 ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በእንዲህ ያለው ዩኒቨርሲቲ በጥንቱ ሥርዓት የተማረ ሰው ሻስትሪ፣ ከዚያም አቻርያ የሚባል ማዕረግ ይቀበላል፤ ሻስትሪ ከመጀመሪያው ዲግሪ፣ አቻርያ ከማስትሬት ጋር ተካክሎ ይቈጠራል። በጡረታ ያሉ ታላላቅ ሊቃውንትም ተመልሰው እንዲያስተምሩ መንግሥት ደመወዝ የሚከፍልበት ደንብ ወጥቷል። በ2020 ደግሞ ሦስት የሳንስክሪት ዩኒቨርሲቲዎች በማዕከላዊው መንግሥት ሥር እንዲሆኑ ሕግ ተደንግጓል። የጥንቱ መምህር የጥንቱን ስሙንና ሥርዓቱን ሳይጥል በአዲሱ ቤት ወንበር አገኘ ማለት ነው።

እኛም ብንሆን ለዚህ ነገር እንግዶች አይደለንም። በአውሮፓ የግዕዝ ትምህርት መሠረት የተጣለው በሁለት ሰዎች ጓደኝነት ነው። አንደኛው የመካነ ሥላሴው ካህን አባ ጎርጎርዮስ፣ ሁለተኛው ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ነበሩ። በ1649 በሮም ተገናኙ፤ በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ሄደው ከሉዶልፍ ጋር ሠሩ። የሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661 ታተሙ። ካህኑ ባይኖሩ ሉዶልፍ የሚጠይቀው ሰው ባጣ ነበር፤ ሉዶልፍም ባይኖር የካህኑ ዕውቀት በባዕድ አገር መዝገብ ባልሰፈረ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ አውግስጦስ ዲልማን በ1857 ሰዋስውን፣ በ1865 ታላቁን መዝገበ ቃላት ሲያወጣ በዚሁ መሠረት ላይ ሠራ። አለቃ ታየ ገብረ ማርያምም በ1905 ወደ በርሊን ሄደው አስተምረዋል። የጀርመን ትምህርት ቤት የእኛን ሊቅ በክብር ሲያስቀምጥ የእኛው ትምህርት ቤት በደጅ ቢያስቆመው እንዴት ያለ ነገር ይሆናል?

በአገራችንም መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስትና ከዐረብ ጋር እያነጻጸሩ አስፋፉት፤ በደስታ ተክለ ወልድም ትጋት በ1948 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ሦስት ሰዎች በተራ የተቀባበሉት ይህ ሥራ የጉባኤ ቤት ዕውቀትና የምርመራ ጥበብ በአንድ ሰው ልብ ሲገናኙ ምን እንደሚያፈሩ ይመሰክራል።

ይህ ግንኙነት ዛሬ የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። በ1770 ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በምዕራብ ጎጃም በሰከላ ወዳለው ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር፤ ወደ አውሮፓ ሲመለስ ከኢትዮጵያ የመጽሐፈ ሄኖክን የግዕዝ ቅጂዎች ይዞ ሄደ። መጽሐፉ በ1821 በእንግሊዝኛ ታተመ። ከ1952 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቍምራን ዋሻ የአረማይስጥ ቍርጥራጩ ቢገኝም፣ ሙሉውን መጽሐፍ እስከ ዛሬ የያዘው ግዕዝ ብቻ ነው። ሌላው ዓለም የጣለውን አባቶቻችን አቆይተውታል።

በ1973 በተጀመረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት ተነሥተዋል። በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀምጠው ከእነዚህ ብዙዎቹን አንብበው ይዘታቸውን በዝርዝር አሳውቀዋል። ፎቶግራፍ የማንሣቱ ነገር ዛሬ እጅግ ቀሏል፤ የማንበቡ ነገር ግን አልቀለለም። በወንጌል ዳር የተጻፈውን የርስት ውል፣ በተአምር መጽሐፍ መጨረሻ የሰፈረውን የዘመን ማስታወሻ አንብቦ የጸሐፊውን ስሕተት ከአገሩ አነጋገር ለይቶ የሚያውቅ ሰው በመኪና አይሠራም። መምህሩ ያረጃሉ፤ ተማሪው ግን ወደ ፋብሪካውና ወደ ከተማው ሥራ ዐይኑን ይጥላል። ዕውቀቱ ማዕረግና እንጀራ የማይሰጠው መሆኑን ካየ በእርሱ አይፈረድበትም።

በዚህ ነገር ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው ከመንግሥት ሰዎች ወገን ነው፤ የጉባኤ ቤት የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አይነካውም ይሉ ይሆናል። መልሱ ግን ቀላል ነው። ፍትሐ ነገሥት ዳኞች የፈረዱበት ሕግ ነው፤ ባሕረ ሐሳብ ዘመን የተቈጠረበት ስሌት ነው፤ ዜና መዋዕሉ የአገር ታሪክ ነው። እነዚህን ለመመርመር ቋንቋውን ማወቅ ለማናቸውም ሃይማኖት ተማሪ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ከካህናት ወገን ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ቅኔውን በሰዓትና በፈተና ወረቀት ቈራርጦ ያጠፋብናል ብለው ይሠጋሉ። ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም። በቃል የሚጠናው ነገር በወረቀት ብቻ ከተፈተነ መላላቱ አይቀርም። ስለዚህ ጉባኤው ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ይግባ አንልም፤ ጉባኤው በቦታው ጸንቶ ይኑር፤ ዩኒቨርሲቲው ወደ ጉባኤው ይሂድ እንላለን።

እንደ እኛ አሳብ ሦስት ነገር ቢደረግ በቂ ጅማሬ ይሆናል። መጀመሪያ፣ በታወቀ ጉባኤ ያስመሰከረ ሰው በሊቃውንት ፊት ተፈትኖ ማዕረጉ ከዲግሪ ጋር የሚተካከልበት ደንብ ይውጣ፤ ፈታኞቹም የቅኔ መምህራንና የዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድነት ይሁኑ። ሁለተኛ፣ ግዕዝ በዲግሪ የሚያጠና ተማሪ ሁሉ ቢያንስ አንድ ክረምት በጉባኤ ተቀምጦ ቅኔ ይቍጠር፤ የጉባኤው ተማሪም በአጸፋው የመጻሕፍትን ታሪክ፣ የብራናን አጠባበቅና ቅጂን ከቅጂ የማመሳከርን ጥበብ ይማር። ሦስተኛ፣ መምህሩ በሚያስተምሩበት ስፍራ ደመወዝ፣ ተማሪውም ቀለብ ያግኝ፤ በልመና መማር ትዕግሥትን ቢያስተምር እንኳ፣ ስንት ብሩህ ልጅ በረኃብና በበሽታ ከመንገድ እንዳስቀረ የሚያውቁት መምህራኑ ናቸው።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ገንዘብ አዲስ ሕንፃ ከማቆም ያነሰ ነው። መምህራኑ አሉ፤ ዐፀዱ አለ፤ መጻሕፍቱ አሉ። የጐደለው ሁለቱን ቤቶች የሚያገናኝ ደንብና ደንቡን የሚፈርም እጅ ነው። ሕንፃ ቢዘገይ በሚመጣው ዓመት ይሠራል፤ ያረጁ መምህር ግን የሚመጣውን ዓመት አይጠብቁም። ስለዚህ ሥልጣን ያላችሁ ሹማምንትና ዕውቀት ያላችሁ ካህናት፣ መምህራኑ በሕይወት ሳሉ፣ የሚናገሩት ቃል ሳይነጥፍ፣ በአንድ ጉባኤ ተቀምጣችሁ ምከሩበት።