የድንች ዘመድ፣ የደን ባላንጣ

ድንች፣ ቲማቲምና በርበሬ የዛፍ ዘመድ አላቸው። ሶላኑም ማውሪቲያኑም ይባላል፤ መነሻው ደቡብ ብራዚል፣ ኡራጓይና ሰሜን አርጀንቲና ሲሆን ዛሬ በናይሮቢ ደኖች ዳርቻ ሥር ሰዷል። ቅጠሉ ሰፊና ከሥሩ ግራጫ ጠጉር የለበሰ፣ አበባው ሐምራዊ፣ ፍሬው ሲበስል ቢጫ ነው። መልከ መልካም ነው፤ ግን መወገድ አለበት ባይ ነኝ።

«መጤ ስለሆነ ብቻ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ከኪሌሌሽዋ ሰፈር አጠገብ ያለው የናይሮቢ አርቦሬተም (የዛፎች መናፈሻ) እ.ኤ.አ. በ1907 ሲመሠረት ዓላማው ለባቡር ማገዶ የሚሆኑ ፈጥነው የሚያድጉ ዛፎችን መሞከር ነበር፤ ብዙዎቹ መጤዎች ቢሆኑም ሁሉም ደን አልወረሩም። ቤተሰቡም ጥፋተኛ አይደለም፦ የዚሁ ወገን የሆነው አሜራሮ በኢትዮጵያም በኬንያም ተራሮች ላይ ተወላጅ የደን ዛፍ ነው። ጥፋቱ ከጠባዩ ነው። ፈጥኖ ያድጋል፣ ተጠጋግቶ ጥላ ይጥላል፣ ከሥሩ የአገሬው ዛፍ ችግኝ ብርሃን ያጣል።

ጠንካራው መከራከሪያ «ወፎች ይመገቡታል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ርግቦች ፍሬውን ይወዱታል። ችግሩ እዚያው ላይ ነው፤ ዘሩን ከአጥር ወደ ወንዝ ዳር፣ ከወንዝ ዳር ወደ ደን የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ስለዚህ አንድ ግቢ ውስጥ ለውበት የቆመ ዛፍ የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ አይሆንም።

ቆርጦ መተውም አይበቃም፤ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ችግኙ ገና ለጋ ሳለ ከነሥሩ መንቀል ይቀላል። የቅጠሉ ብናኝ ጠጉር ጉሮሮና ሳንባ ስለሚያስቆጣ፣ ነቃዩ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን። ያልበሰለው ፍሬም መርዛም ነውና ልጆች እንዳይቀምሱት መጠንቀቅ ያሻል።