ጐዳናን ስለ መካፈል፤ ቢስክሌትና አውቶሞቢል በሽሮ ሜዳ ዳገት

በአገራችን ልማድ ልጅ ገና በሕፃንነቱ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ የገበታ ሥርዓት ነው። ብዙ ሰው በአንድ መሶብ ዙሪያ በተቀመጠ ጊዜ እያንዳንዱ በፊቱ ካለው ይቈርሳል እንጂ እጁን ወደ ጓደኛው ፊት አይሰድም፤ ጐልማሳውም ለሕፃኑ ያስቀርለታል። ይህን ሥርዓት የሚያስፈጽም ዘበኛ በገበታው አጠገብ አይቆምም፤ ነገር ግን የሚያፈርሰው ሰው ያልታረመ ይባላልና ሁሉም ይጠብቀዋል። ጐዳናም እንደ መሶብ የጋራ ነው። በርሱ ላይ እግረኛው ይራመዳል፥ አህያው ይነዳል፥ ቢስክሌቱ ይሽከረከራል፥ አውቶሞቢሉና አውቶቡሱ ይከንፋል። ታዲያ በገበታ የምንጠነቀቀውን ያህል በጐዳና ስለ ምን አንጠነቀቅም? በገበታ ሥርዓት ያጐደለ ሰው የሚያተርፈው ኀፍረት ነው፤ በጐዳና ሥርዓት ያጐደለ ግን ነፍስ ያጠፋል።

ይህን ነገር በግልጥ ለመመልከት የሚፈልግ ሰው ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ ሰሜን፥ ወደ ሽሮ ሜዳ ይውጣ። በጉለሌ ክፍል የሚገኘው ይህ ሰፈር በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያረፈ ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች በዚያ አካባቢ ሰፍረው የሽመናን ጥበብ ስላስፋፉ፥ ለሠርግ ወይም ለዓመት በዓል የሐበሻ ቀሚስ፥ ነጠላና ጋቢ የሚሻ ቤተ ሰብ ወደ ሽሮ ሜዳ ገበያ ይወጣል። ጐዳናው ከዚያ አልፎ እየጠመዘዘ ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ አሮጌ ቤተ መንግሥት ይደርሳል። የእንጦጦ መናፈሻም በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ አየር ለመቀበል የሚወጣው ሕዝብ በዝቷል። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው፥ ሳንባቸውን በስስ አየር ማጠንከር የሚሹ ሯጮችና የቢስክሌት ተወዳዳሪዎች ይመርጡታል። እንግዲህ ልብስ ሊገዛ የመጣው ባለ አውቶሞቢል፥ ሰው የሚያወርድና የሚጭነው ሰማያዊና ነጭ ታክሲ፥ ሸክም የያዘው እግረኛና ፔዳል የሚረግጠው ወጣት በዚህ ዳገት ላይ ይገናኛሉ።

ዳገት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በሽቅብ ጊዜ ቢስክሌተኛው ከእግረኛ እምብዛም ሳይፈጥን ይሄዳል፤ ጕልበቱም ሲደክም ቢስክሌቱ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይዋልላል። ስለዚህ ከኋላው ያለው ነጂ ትዕግሥቱ ያልቃል። በቍልቍለት ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቢስክሌቱ እንደ አውቶሞቢሉ ይፈጥናል፥ ፍሬኑ ግን እንደ አውቶሞቢሉ አይዝም። በዚህም ምክንያት አንዱ ሰው ሲወጣ የሚነቀፍበት ዝግመት ሲወርድ ደግሞ በፍጥነት ይለወጥበታል፤ ነጂውም በየትኛው ልክ እንደሚገምተው ይቸግረዋል።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባበት ዘመን እጅግ ሩቅ አይደለም። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ብዙ ችግር ካየ በኋላ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ የቀረበውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ያደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ቀደም ጐዳናው የእግረኛ፥ የበቅሎና የፈረስ ነበረ። ከዚያም ወዲህ የመኪናው ቍጥር እየበዛ ሄደ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ቀድሞ በግራ ይነዱ የነበሩት ነጂዎች በቀኝ እንዲነዱ ተደረገ። አንድ ሕዝብ ለዘመናት የለመደውን ጐን ሊለውጥ ከቻለ፥ የጐዳና ልማድ በፈቃድና በትምህርት የሚታረም መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ቢስክሌትም በአገራችን ታሪክ ስፍራ አለው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ውድድር በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ወደ ሜልቦርን ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል የቢስክሌት ተወዳዳሪዎች ነበሩበት፤ ከነርሱም አንዱ ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው ገረመው ደንቦባ ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የመቀሌው ተወላጅ ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ አገር በሚደረገው በታላቁ የቱር ደ ፍራንስ ውድድር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እንደ ባሕር ዳርና እንደ ሐዋሳ ባሉት ሜዳማ ከተሞችም ቢስክሌት ለተማሪውና ለሠራተኛው የዘወትር መጓጓዣ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ ቢስክሌተኛውን የልጅ ጨዋታ ይዞ ጐዳና የሚያውክ ሰው አድርጎ መቍጠር አይገባም።

አሁን የሁለቱን ወገን አቤቱታ እንስማ። ዳኛ አንዱን ብቻ ሰምቶ አይፈርድምና።

የአውቶሞቢል ነጂው እንዲህ ይላል፤ «ቢስክሌተኞች ጐን ለጐን ሆነው እየተጨዋወቱ ጐዳናውን ይዘጉብኛል። ማታ ያለ መብራት ይመጣሉ። ቀይ መብራት እኔን ሲያቆመኝ እነርሱ በጐን ሹልክ ብለው ያልፋሉ። አንዳንዱም ዳገቱ ሲከብደው የካሚዮን ኋላ ይዞ ይጐተታል። ጉዳት በደረሰ ጊዜ ግን የሚከሰሰው እኔ ነኝ።» ይህ አቤቱታ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም።

ቢስክሌተኛውም በበኩሉ እንዲህ ይመልሳል፤ «ነጂው ክርኔን እስኪነካ ድረስ ተጠግቶ ያልፈኛል። ከኋላዬ ድንገት ጡሩምባ ሲነፋ ደንግጬ እወድቃለሁ። ታክሲው መንገደኛ ባየ ጊዜ ያለ ምልክት ወደ ዳር ይገባብኛል። ከሱቁ ደጅ የቆመው አውቶሞቢል ኋላውን ሳያይ በሩን ይከፍትብኛል። ወደ ዳር ልጠጋ ብል ጕድጓዱና ቦዩ ይጠብቀኛል፤ ወደ መካከል ብገባ እሰደባለሁ።» ይህም እውነት ነው።

ሁለቱም እውነት ከተናገሩ ፍርዱ እንዴት ይሁን? ሕግን ማክበር በሁለቱም ላይ እኩል ግዴታ ነው፤ የጥንቃቄው ሸክም ግን እኩል ሊሆን አይችልም። ምክንያቱ በሚዛን የሚታወቅ ነው። ቢስክሌት ከ15 ኪሎ እምብዛም አይበልጥም፤ ትንሿ አውቶሞቢል ግን 1000 ኪሎ ያህል ትመዝናለች። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል በአንዲት ሴኮንድ 8 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ60 ሲሄድ ወደ 17 ሜትር ይጠጋል። ፍጥነቱ እጥፍ በሆነ ጊዜ ግን የሚመታበት ኀይል እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገውም ርቀት በዚያው መጠን ይረዝማል፤ ቍልቍለት ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ቢስክሌተኛው ቢሳሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚጐዳው ራሱን ነው፤ ነጂው ቢሳሳት ግን የሚጐዳው ሌላውን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት፥ ከነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፥ ቢስክሌተኞችና ባለ ሞተር ቢስክሌቶች እንደሆኑ አስታውቋል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች ከሚገድሉት ነገሮች ሁሉ የሚቀድመውም ይኸው የመንገድ አደጋ ነው። ይህ ነገር የቤተ ሰብ ጕዳይ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

በሌሎች አገሮች ይህን ክርክር በሕግ ልክ አበጅተውለታል። በፈረንሳይ አገር ቢስክሌተኛን የሚያልፍ ነጂ በከተማ ውስጥ ቢያንስ 1 ሜትር፥ ከከተማ ውጭ 1 ሜትር ተኩል መራቅ አለበት። በጀርመን አገር ደግሞ በከተማ 1 ሜትር ተኩል፥ ከከተማ ውጭ 2 ሜትር ነው። በሆላንድ ከ1960ዎቹ ዓመቶች ወዲህ፥ በመኪና የሚሞቱት ሕፃናት ቢበዙ ወላጆች ለአቤቱታ አደባባይ ስለ ወጡ፥ መንግሥቱ ለቢስክሌት የተለየ ጐዳና እየሠራ ሄደ። ዛሬ ያ አገር በቢስክሌት ብዛት የታወቀ ሆኗል። በዚያው አገር ነጂዎች አንዲት ቀላል ብልሃት ይማራሉ፤ የመኪናን በር በሚከፍቱበት ጊዜ ለበሩ በሚቀርበው እጅ ሳይሆን በሚርቀው እጅ ይከፍታሉ። በግራ የተቀመጠው ነጂ በቀኝ እጁ ሲከፍት አካሉ ይዞራል፥ ዓይኑም ከኋላ የሚመጣውን ያያል። ይህ ብልሃት ገንዘብ አይፈጅም፤ በሽሮ ሜዳ ሱቆች ደጅ ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል።

በመዲናችንም የተጀመረ መልካም ሥራ አለ። በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ዋና ዋና ጐዳናዎች በእሑድ ቀን ለመኪና ተዘግተው ሕዝቡ በእግሩና በቢስክሌት እንዲንሸራሸርባቸው ተደርጎ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በተካሄደው የኮሪደር ልማትም በብዙ ጐዳናዎች ዳር የቢስክሌት መስመር ተሠርቷል። ይሁን እንጂ መስመር መሠራቱ ብቻ አይበቃም። አውቶሞቢል የቆመበት፥ ዕቃ የተዘረጋበት የቢስክሌት መስመር ስሙ እንጂ ጥቅሙ የለም፤ ቢስክሌተኛውም ተገዶ ወደ መኪናው መካከል ይመለሳል። ስለዚህ ሥልጣን ያላችሁ ክቡራን ሆይ፥ መስመሩን ከማሠራት ጋር ማስጠበቁን፥ ለዳገት ጐዳናም ከሜዳው ይልቅ ማሰቡን አትርሱ። በሽቅብ በኩል ለሚወላውለው ቢስክሌተኛ ጥቂት ስፋት ቢጨመርለት ለነጂውም ዕረፍት ይሆናል።

ከመንግሥት ሥራ ቀጥሎ የሚመጣው የቤት ሥራ ነው። የቤቱ ጌታ ሾፌር ቀጥሮ እንደ ሆነ አንድ ነገር ያስተውል። ከኋላ ተቀምጦ ሰዓቱን እያየ «ቶሎ በል፥ ረፈደብኝ» የሚል ጌታ መሪውን ባይዝም አውቶሞቢሉን የሚነዳው እርሱ ነው። ሾፌሩ እንጀራውን ላለማጣት ሲል ጌታውን ያስደስታል፥ ቢስክሌተኛውን ያጣብባል። ስለዚህ ጌታው ከቤቱ ሩብ ሰዓት አስቀድሞ ይነሣ፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው በጐዳና ላይ ለማይታፈስ ደም ጭምር ነው።

የቤቱ እመቤት ደግሞ ለልጇ ቢስክሌት በተገዛ ጊዜ ውበቱን ሳይሆን ፍሬኑን አስቀድማ ትመርምር። የፊቱም የኋላውም ፍሬን የሚይዝ፥ የፊቱ መብራት ነጭ የኋላው ቀይ ሆኖ የሚበራ፥ ለራስም ጠንካራ ቆብ የተዘጋጀ ይሁን። ልጁም እነዚህን ጥቂት ነገሮች እንደ ጸሎት በቃሉ ያጥና፤ በቀኝ በኩል መሄድ፥ ከጓደኛው ጋር በተርታ እንጂ ጐን ለጐን አለመሆን፥ ከመታጠፉ በፊት ኋላውን አይቶ በእጁ ማመልከት፥ ቀይ መብራትን ማክበር፥ የካሚዮን ኋላ ፈጽሞ አለመያዝ። ከሽሮ ሜዳ ወደ ታች በሚወርድበት ጊዜም ቍልቍለቱ ሳይጀምር ፍሬኑን ይሞክር፤ ከጀመረ በኋላ መሞከር ዘግይቶ መጸጸት ነው።

በቀድሞው ዘመን በበቅሎ ተቀምጦ የሚሄድ ጨዋ ሰው ቤተ ክርስቲያን ባየ ጊዜ፥ ወይም ከርሱ የሚበልጥ ሽማግሌ ባገኘ ጊዜ ይወርድ ነበር። ሸክም የያዘ ሰው በጠባብ መንገድ ቢያጋጥመው ባዶ እጁን የሚሄደው ዘወር ይልለት ነበር። ከበቅሎ መውረዱም ሆነ ዘወር ማለቱ ክብሩን አላጐደለበትም፤ እንዲያውም ጨዋነቱ በዚያ ይታወቅ ነበር። ዛሬም አውቶሞቢል የያዘ ሰው በዳገት ላይ ለሚንገዳገድ ወጣት አንድ ሜትር ተኩል ቢተውለትና ለጥቂት ሴኮንድ ቢታገሠው ያንኑ የአባቶቹን ሥርዓት ፈጸመ እንጂ ከክብሩ ምንም አልቀነሰም። ቢስክሌተኛውም ቦታ ለሰጠው ነጂ እጁን አንሥቶ ምስጋናውን ቢያሳይ በሁለቱ መካከል ያለው ቂም ይለዝባል። ያ ወጣት የማን ልጅ እንደሆነ ነጂው አያውቅም፤ ዛሬ የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ነገ የራሱ ልጅ ሊሆን ይችላል።