የጠራው ውሃ ጉድ ሠራኝ!

አዲስ አበባ ዳር ተከራይቼ ነው የምኖረው። የግቢያችን ጉድጓድ ውሃ ነጭ ሸሚዜን ዝገት አስመስሎ አናደደኝ። ከባልዲ ወደ ባልዲ እያንቆረቆርኩ አየር አስገብቼ፣ አሳድሬ በነጠላ አጠለልኩት። ብረቱ ዘቀጠ፤ የገማ እንቁላል የመሰለው ሽታም ጠፋ። ኩልል ሲልልን በኩራት ጠጣነው።

ታናሽ እህቴ በታይፎይድ ስትተኛ ዓይኔ ተገለጠ። ለካ ሽንት ቤቱ ከጉድጓዱ 10 እርምጃ አይርቅም! ጀርም እንደሆነ አይታይ፣ አይሸት፣ በነጠላም አይጠለል።

አሁን ሳናፈላ አንጠጣም። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ እንጠብቃለን። ስምጥ ሸለቆ ያላችሁ ግን ልብ በሉ፤ ፍሎራይድ በማፍላት አይወጣም፣ ውሃችሁን አስመርምሩ።

ቤት ስትከራዩም እናንተዬ፣ ከሳሎኑ በፊት ጉድጓዱን እዩ። ከሽንት ቤቱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ!