አሮጌ ልብስ ስጦታ የሚሆነው መቼ ነው?



ነቢዩ ኤርምያስን ከጭቃው ጕድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነበር። በኤርምያስ ምዕራፍ 38 እንደምናነበው፥ አቤሜሌክ አስቀድሞ ከንጉሡ ግምጃ ቤት በታች አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ወሰደ፤ ነቢዩም ጨርቁን በብብቱና በገመዱ መካከል እንዲያደርገው ነገረው። ገመዱ ብቻውን ነቢዩን ሊያወጣው ይችል ነበር፤ ነገር ግን ያቆስለው ነበር። አሮጌው ጨርቅ ዋጋ ያገኘው ለተቸገረው ሰው ገላ የሚያስብ ሰው ስላነሣው ነው። አሮጌ ልብስና የቤት ዕቃ ሰብስበን ስናድስም መመሪያችን ይኸው ነው።

በአገራችን አሮጌ ነገር በቀላሉ አይጣልም። አራት እጥፉ ጋቢ ሲያልቅ ደኅናው ክፍል ተቆርጦ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል። ያለቀ የመኪና ጎማ በረባሶ፥ ባዶ ጣሳ ደግሞ ኩራዝ ሆኖ ያገለግላል። በአዲስ አበባ «ቆራሌው» እያለ የሚዞረው ሰው የገዛው ቁርጥራጭ ብረት በመርካቶ ምናለሽ ተራ ተቀጥቅጦ እንደገና ዕቃ ይሆናል፤ ልዋጮችም አሮጌ ልብስ ተቀብለው የፕላስቲክ ዕቃ ይሰጣሉ። እንግዲህ ችግረኛው አሮጌ ነገርን አይንቅም፤ የሚያሳዝነው ሰጪው ራሱ ሊነካው የማይወደውን ሲሰጠው ነው።

ልብስ ነፍስ እንደሚያድን በ1977 ዓ.ም. በኮረም ታይቷል። በዚያ መጠለያ ሕዝቡን ከረሃቡ ጋር የደጋው ብርድ ይፈጀው ነበር። ዛሬም ከሰበታ አልፎ በበቾ ሜዳ በምትገኘው በተጂ አካባቢ መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፥ አዋሽም ሞልቶ ይወጣል። መኝታውና ልብሱ የራሰበት ቤተሰብ ሌሊቱን በብርድ ያሳልፋል። ስለዚህ ልብሱ ተሰብስቦና ታድሶ ክረምቱ ሳይገባ መዘጋጀት አለበት። ሥራውም በሚከተለው መንገድ ቢከናወን መልካም ነው።

አንደኛ፥ መለየት። ጋቢ፥ ብርድ ልብስ፥ ሹራብና የልጆች ልብስ ይቅደሙ። ሊጠገን የማይችለው ለመጣፊያ ይቆረጥ፤ ቁልፉና ዚፑም ይቀመጥ።

ሁለተኛ፥ ማጠብ። የልብስ ቅማል በስፌት ውስጥ እየተደበቀ ተስቦና ግርሻ ትኩሳት ያስተላልፋል። ሙቀት የሚችለው ልብስ በፈላ ውኃ ይዘፍዘፍ፤ ከደረቀ በኋላ ስፌቱ በጋለ ካውያ ይተኰስ። እርጥብ ልብስ ስለሚሻግት በጆንያ አይታሰር።

ሦስተኛ፥ መጠገን። ቀዳዳው ትንሽ ሳለ ይጠቀም፤ ክርና መርፌ ከአዲስ ልብስ ይልቅ ርካሽ ነው። የልብስ ስፌት መኪና ለሚሠራው ሥራ ለተጂ ሰፊዎች ዋጋ ቢከፈል፥ አንዱን ስንረዳ የሌላውን እንጀራ አንነካም።

አራተኛ፥ የቤት ዕቃ። ድስት፥ ሰፌድና ፋኖስ ተጠግነው ያገለግላሉ። ነገር ግን የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለውኃም ሆነ ለምግብ አይሁን። መርዙ በፕላስቲኩ ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ያለው ጀሪካን ማንም እንዳያነሣው ይበሳ፤ ወደ ክምችታችንም አይግባ።

አምስተኛ፥ ማደል። አደባባይ ላይ ሰው አሰልፎ ልብስ መወርወር ወንድምን ማዋረድ ነው። የየሰፈሩን መበለቶችና አቅመ ደካሞች የሚያውቁ ሽማግሌዎች ስማቸውን አስቀድመው ይያዙ፤ ተቀባዩም ልብሱ በጠረጴዛ ላይ ታጥፎ ሳለ የሚበጀውን ራሱ ይምረጥ። አንዲት እናት የምትመርጠው ቀለም እንዳላት መዘንጋት የለብንም።

ወገኖች ሆይ፥ ከጆንያው በፊት መርፌና ሳሙና እናንሣ። በእጃችን ያለውን ልብስ ገልብጠን ስፌቱን እንይ፤ ለገዛ እናታችን የማንሰጠው ከሆነም ወደ ጥገናው ጠረጴዛ እንመልሰው። አቤሜሌክ ያደረገው ጥንቃቄ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድም ነቢዩ ሳይቆስል ወጥቷል።

የጌታ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።