አሮጌ ልብስ አትጣሉ

አዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ የባህል ልብስ ሱቆች አሉ። ከውጭ የመጣ የፋብሪካ ቀሚስም ገበያ ገብቷል። ዋጋው ረከስ ይላል፤ ጥለቱ ግን ብዙ ጊዜ የታተመ ቀለም ነው።

የእጅ ሥራ እንዲህ አይደለም። ጥጡ ይዳመጣል፤ በደጋን ይነደፋል፤ በእንዝርት ይፈተላል። ከዚያ ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ ማጉን በመወርወሪያ ያሳልፋል። የድሮ ጥለት መልሶ የሚሠራ ሸማኔ አሮጌውን ልብስ ከፊቱ አድርጎ ክሩን አንድ በአንድ ይቆጥራል።

ልብሱ ከሌለ ከምን ይቆጥራል? በ18ኛው መቶ ዓመት፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመን፣ ትልልቅ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ከሐር ይሠራ ነበር። ድሩን የሚያጠላልፉት ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች ነው። አንዱ መጋረጃ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ለንደን ገባ፤ ዛሬም ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አለ። ያን መጋረጃ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ባሕር መሻገር አለበት።

እናንተ ቤትስ? የአያታችሁ ኩታ ቢያረጅ አትጣሉት። ለሸማኔ አሳዩት። ጥለትም እንደ ፊደል ይነበባል።